ሚክሳችሁን የሚያበላሹ፣ አንዳንዴም ክራሩን ጭራሽ የሚያጠፉ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክና ሄድፎን ይዞ ዘፈን የሚሠራ ልጅ በዝቷል። ደስ ይላል። ሥራቸውን ይዘው ሲመጡ ግን ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ድምፁን እንዴት ሰፋ ላድርገው?» ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ይሰማ ማለታቸው ነው። እስቲ በቅድሚያ ሚክሱን፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች ድብልቅ፣ የሚያበላሹትን ላንሳ።

አንድ ትራክ ኮፒ አድርጎ ግራና ቀኝ መበተን

ይሄኛው አንጀቴን ያሳርረኛል። ልጁ ክራሩን በአንድ ማይክ ይቀዳል። ትራኩን፣ ያንን የተቀዳ ድምፅ፣ ኮፒ ያደርጋል። አንዱን ግራ ጥግ፣ ሌላውን ቀኝ ጥግ ይወስዳል። «ስቴሪዮ ሆነ» ይላል። የት ሆነ! ጆሮ ስፋት የሚሰማው በግራና በቀኝ መካከል ልዩነት ሲያገኝ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ክራሩ መሀል ላይ ቁጭ ይላል። ጩኸቱ ብቻ ይጨምራል።

ይሄን ሲያይ ደግሞ ወደ ባሰው ይሄዳል። ዩቲዩብ ላይ ያየውን ይዞ የአንደኛውን ኮፒ ፌዝ ይገለብጣል፤ የድምፁ ሞገድ ሽቅብ የነበረው ቁልቁል ይሆናል። በሄድፎን ሲሰማው ክራሩ ጭንቅላቱን ዙሪያውን ይከበዋል። እሰይ! እንዲህ የተሠራ ዘፈን መርካቶ አካባቢ አንድ ቡና ቤት ውስጥ አብረን ሰማን። ቤቱ ያለው አንድ ስፒከር ነው። ከበሮው አለ፣ ዘፋኙ አለ፣ ክራሩ የለም። ልጁ ስኒውን አስቀምጦ «ስፒከሩ ተበላሽቷል እንዴ?» አለ። ስፒከሩ ደህና ነበር። ግራና ቀኝ ወደ ሞኖ፣ ማለትም ወደ አንድ ድምፅ፣ ሲደመሩ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ድምሩ ዜሮ ነው።

አንዱን ጎን በጥቂት ሚሊሰከንድ ማዘግየትም መዘዝ አለው። በሞኖ ሲደመር አንዳንድ ድምፆች ይጠፋፋሉ፤ የቀረው በቧንቧ ውስጥ የሚያወራ ሰው ይመስላል። «ማስፊያ» ከሚባሉት ፕለጊኖች (በመቅጃው ሶፍትዌር ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ብዙዎቹ ውስጣቸው ይሄው ነው።

«ማን በሞኖ ይሰማል?» አትበሉኝ። ስልክ በአንድ ስፒከር፣ ትንሽዋ ብሉቱዝ፣ የሱቁ ስፒከር፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። ኤፍኤም እንኳ ከከተማ ወጥታችሁ ሲግናሉ ሲደክም፣ ብዙው ሬዲዮ ራሱ ወደ ሞኖ ይወርዳል።

ስፋት ከፈለጋችሁ ክራሩን ሁለት ጊዜ አስመቱት። አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ አድርጉ። ሰው ሁለቴ እኩል አይመታም፤ ስፋቱ ከዚያች ልዩነት ይመጣል። ወይም ሁለት ማይኮች አፋቸውን አቀራርባችሁ በ90 ዲግሪ አስቀምጡ። ድምፁ ሁለቱም ጋ እኩል ስለሚደርስ ሞኖ ሲሆን አይጠፋም። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን በ1931 እ.ኤ.አ. ባስገባው የስቴሪዮ ፓተንት ውስጥ አለ። ከዚያ ሶፍትዌሩ ላይ ሞኖ የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ስሙ። ነፃ ነው እኮ!

ቤዙን ማስፋት

አታስፉት። ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሯችን ለመለየት ይቸገራል። ቤዙንም ኪኩንም (የከበሮውን ወፍራም ምት) መሀል ተዉት።

ስፒከር ቦታ በተገኘበት ማስቀመጥ

አንዱ ፍሪጅ ላይ፣ ሌላው በሩ ጥግ። ከዚያ «ዘፋኙ ወደ ግራ ያደላል» ተብሎ ሚክሱ ይነካካል። ድምፅ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ገደማ ይጓዛል። አንዱ ስፒከር በዚያ ያህል ከቀረባችሁ፣ መሀል መሆን የነበረበት ዘፋኝ ቀድሞ ወደ ደረሰው ጎን ይሳባል። ሜትር አምጡና ለኩ። ሁለቱ ስፒከሮችና የተቀመጣችሁባት የጅማ በርጩማ ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። ስፒከሩ በጆሮ ቁመት ይሁን፣ ግራና ቀኝ ያለው ግድግዳም እኩል ይራቅ። ግድግዳው ላይ ጋቢ መስቀል ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ያበርደዋል፤ ቤዙን ግን አይነካውም።

(ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ መቅዳትም መፍረድም ተዉ። የጅማ ክረምት ማስጠንቀቂያ አይፈልግም።)

ሽቦ ማገላበጥ

የሁለቱም ክር አንድ ቀለም የሆነ ሽቦ ይገዛል፤ በአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁሩ ይለዋወጣል። ቤዙ ይሳሳል፣ ዘፋኙ መሀል መቆሙ ቀርቶ የት እንዳለ አይታወቅም። ስፒከራችሁ ውስጡ አምፕሊፋየር የሌለው ከሆነ፣ ሽቦውን ከአምፑ ንቀሉና የ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት አስነኩት። በሁለቱም ላይ የባትሪው ፖዘቲቭ በቀዩ በኩል ሲሆን፣ የስፒከሩ ሸራ ወደ አንድ አቅጣጫ መንቀሳቀስ አለበት።

በሄድፎን ብቻ መጨረስ

ገባኝ፣ ጎረቤት አለ። ግን በሄድፎን ግራ ጆሮ የግራውን ብቻ ይሰማል። በስፒከር ሲሆን የቀኙም ትንሽ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ስለዚህ በሄድፎን ሰፊ የነበረው በስፒከር ይጠባል፣ የሪቨርቡም (የማስተጋባቱም) መጠን ያታልላል። ቀን ቀን፣ ጎረቤት ሥራ ሲሄድ፣ ስፒከሩን ክፈቱ።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ሪቨርብ

ሚክስ ዘፋኙና መሣሪያዎቹ የቆሙበት መድረክ ነው በሉት፤ መድረኩ ስፋት ብቻ ሳይሆን ጥልቀትም አለው። ሁሉም እኩል ሪቨርብ ከተቀባ ሁሉም እኩል ይርቃል፤ ማን ፊት ማን ኋላ እንደቆመ አይለይም። ዘፋኙን ደረቅ አድርጉት፣ ሪቨርቡን ቀንሱለት፣ ይቀርባል። ዋሽንቱን ወደ ኋላ ከፈለጋችሁት ሪቨርቡን ጨምሩ፣ ድምፁን ቀንሱ፣ ከላይ ያለውን ብሩህነት ትንሽ ቁረጡ።

ሌላው፣ ስልክ ለስልክ ተቀባብሎ በጣም የተጨመቀ ፋይል ይዛችሁ ስለ መድረክ ስፋት አትፍረዱ። መጭመቂያው በዝቅተኛ ቢት ሬት (በሰከንድ የሚይዘው ዳታ ትንሽ ሲሆን) መጀመሪያ ከሚሠዋቸው ነገሮች አንዱ የግራና የቀኝ ልዩነት ነው። ለእኔም ስትልኩ ያልተጨመቀውን ዌቭ ፋይል ላኩልኝ።