ራሙ 1 ጊጋ የሆነ ሰርቨር እንዳይታነቅ እንዴት ይደረጋል?

ሌሊት ዳታቤዙ ይሞታል። ጠዋት ሪስታርት አደርገዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ይሞታል። ጥፋቱን በዳታቤዙ ሳሳብብ ከረምኩና አንድ ቀን የከርነሉን (የሊኑክስ እምብርት የሆነውን ክፍል) ሎግ ብከፍት «አውት ኦፍ ሜሞሪ፦ ኪልድ ፕሮሰስ» የምትል መስመር አገኘሁ። ለካ ተገድሎ ነው! ሊኑክስ ራም ሲያልቅበት ኦኦኤም ኪለር የሚባለውን ያስነሳል። እሱም ብዙውን ጊዜ የሚመታው ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ነው። ራሙን ያሟጠጠው ግን የዌብሳይቱን ገጾች የሚያዘጋጀው ፒኤችፒ ነበር።

እናንተም ፒኤችፒና ማሪያዲቢ (ዳታቤዙ) የጫናችሁበት ትንሽ ቪፒኤስ (የኪራይ ቨርቹዋል ሰርቨር) ካላችሁ መጀመሪያ ለኩ። «ፍሪ» የሚለውን ትዕዛዝ ስጡ። ባዶው ራም ትንሽ መስሎ ቢታይ አትደንግጡ፤ ሊኑክስ ትርፉን ለዲስክ ካሽ ይጠቀምበታል፣ ሲፈለግም ይለቀዋል። ማየት ያለባችሁ «አቬይለብል» የሚለውን ዓምድ ነው። ቀጥሎ «ቪኤምስታት 1» በሉ። የመጀመሪያዋን መስመር እለፏት፤ ሰርቨሩ ከተነሳ ጀምሮ ያለው አማካይ ናት። «ኤስአይ» እና «ኤስኦ» ዓምዶች (ከስዋፕ፣ ማለትም ራም ሲጠብ ዲስክ ላይ ከሚያዘው ቦታ፣ የሚገባውና ወደዚያ የሚወጣው) ላይ ቁጥሩ አልቆም ካለ ሰርቨሩ ሥራውን ትቶ በራምና በዲስክ መካከል ዕቃ እያመላለሰ ነው። ስዋፕ ውስጥ የተኛ ነገር መኖሩ ብቻውን ግን ችግር አይደለም።

ዋናው ሥራ ሒሳብ ነው። ያለን 1024 ሜጋ ነው። እኔ ጋ ሲስተሙ 200፣ ዳታቤዙ 250 ገደማ ይወስዳሉ። የቀረው 574 ነው። አንድ የፒኤችፒ ፕሮሰስ 60 ያህል ይበላል፤ ስለዚህ ዘጠኝ ይገባሉ። መተንፈሻ ይኑር ብዬ 7 ላይ አቆምኩት። ይህ ቁጥር የሚጻፈው በፒኤችፒ ኤፍፒኤም (የፒኤችፒ ፕሮሰሶችን የሚያስተዳድረው) የፑል ፋይል ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ፕሮሰሶች ብዛት በሚገድበው «ፒኤም ማክስ ቺልድረን» ላይ ነው። በፊት «ሰው ሲበዛ ይፍጠን» ብዬ 30 አድርጌው ነበር። 30 በ60 ሲባዛ 1800! ከቆጡ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። አሁን ስምንተኛው ጎብኚ ትንሽ ይጠብቃል። ይጠብቅ።

የማሪያዲቢን «ኢኖዲቢ በፈር ፑል ሳይዝ» (ዳታቤዙ ዳታውን ራም ላይ የሚያቆይበት ቦታ መጠን) አትንኩት፤ ዲፎልቱ 128 ሜጋ ነው፣ ይበቃል። «ከራሙ 70 በመቶ ስጡት» የሚባለው ለዳታቤዝ ብቻ ለተተወ ማሽን ነው።

ከዚያ አጥር እጠሩ። በ«ሲስተምሲቲኤል ኤዲት» የፒኤችፒውን ሰርቪስ ክፈቱና ሰርቪስ በሚለው ክፍል ሥር «ሜሞሪማክስ» (የሜሞሪ ጣሪያው) 550 ሜጋ እንዲሆን ጻፉ። ከዚያ ቢያልፍ ጦሱ ለራሱ ነው፤ ዳታቤዙን ይዞ አይወድቅም። ወደ ስዋፕ ተርፎ እንዳይፈስም «ሜሞሪስዋፕማክስ» የሚል አለ።

ስዋፕ የመጨረሻው ነው፤ ትራስ እንጂ ራም አይደለም። 1 ጊጋ ፋይል ፍጠሩ፣ ፈቃዱን 600 አድርጉ፣ «ኤምኬስዋፕ» ከዚያ «ስዋፕኦን» በሉት። ሪቡት ሲደረግ እንዳይጠፋ ኤፍኤስታብ በሚባለው ፋይል ውስጥ አስገቡት። ሊኑክስ ወደ ስዋፕ ምን ያህል እንደሚቸኩል የሚወስነው «ስዋፒነስ» ዲፎልቱ 60 ነው፤ እኔ 10 አድርጌዋለሁ። ቪፒኤሱ የኦፕንቪዚ ኮንቴይነር (የዋናውን ማሽን ከርነል የሚጋራ) ከሆነ ግን «ስዋፕኦን» እሺ አይልም።

በመጨረሻ ባክአፕ የሚሠራበትን ሰዓት ጠብቃችሁ ቪኤምስታትን እንደገና እዩ። የእኔ ሰርቨር በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ይቆጥራል፤ ባክአፑ የሚነሳበት የእሱ እኩለ ሌሊት ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ዳታቤዙ ሲገደል የነበረውም ልክ በዚያች ሰዓት ነበር።