የውሻን ፊት አሳምሮ ፎቶ ለማንሳት

የጀማሪ የውሻ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አንሺው ቆሞ ስለሚያነሳ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲነሳ የውሻው ጭንቅላት ይገዝፋል፣ እግሮቹ ያጥራሉ፣ ከኋላው የሚታየውም የግቢው ሲሚንቶ ብቻ ይሆናል። አዲስ ሌንስ ለመግዛት ከማሰባችሁ በፊት ዝቅ በሉ። ሌንሱ ከውሻው ዐይን ጋር እኩል መሆን አለበት። ለጀርመን ሼፐርድ መንበርከክ ይበቃል፤ ለትንሽ ፑድል ግን በሆድ መተኛት ግድ ነውና ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፉ። መሬት ላይ መተኛት የማይመቸው ሰው ውሻውን ደረጃ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። የሚወዛወዝ ወንበር ላይ ግን አታውጡት፤ ላለመውደቅ ሲጠነቀቅ ሰውነቱ ይገታል፣ ጆሮውም ወደ ኋላ ይለጠፋል።

ዝቅ ስትሉ ከጀርባው ያለው ነገርም ይቀየራል፤ ሲሚንቶው ይቀርና ከሩቅ ያለው ዛፍ ወይም ግድግዳ ይገባል። ውሻውን ከአጥሩ ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሜትር አርቁት። አጥሩ ሥር ከተቀመጠ የቆርቆሮው መስመር አይደበዝዝም፤ ዐይን የሚስበውም እሱ ይሆናል። ከጭንቅላቱ ጀርባ የልብስ ማስጫ ገመድ ወይም የውሃ ታንከር ካለ እናንተ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ እንጂ ውሻውን አታንቀሳቅሱት።

ከዚህ በኋላ ትልቁ ጉዳይ ብርሃን ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ቀጥ ብላ በፍጥነት ከፍ ትላለች። ለአውሮፓ የተጻፉ መመሪያዎች ጠዋትና ማታ ረጅም ለስላሳ ብርሃን እንዳለ አድርገው ያወራሉ፤ እዚህ ግን ፀሐይ ከወጣች 40 ደቂቃ ገደማ ሲያልፍ ብርሃኑ መጠንከር ይጀምራል። ሜዳ ላይ ለማንሳት የሚመቸው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት ተኩል እስክትጠልቅ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። በቀትር፣ በተለይ ፀሐይዋ ከአናት በላይ ቀጥ በምትልበት በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ አካባቢ፣ የውሻው ግንባርና አፍንጫ ያበራል፤ ዐይኖቹ ግን በቅንድቡ ጥላ ተውጠው ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ይመስላሉ። ይህን በኋላ በኮምፒውተር ማስተካከል አይቻልም ማለት ይቀላል።

ሌላ ሰዓት ከሌላችሁ በረንዳ ተጠቀሙ። ውሻውን ከጥላው ጠርዝ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስቀምጡት፤ ፊቱ ወደ ሰማዩ ወገን ይዙር፣ እናንተም በዚያው በኩል ሁኑ። ከዚያ ዐይኑን በቅርበት ተመልከቱ። በዐይኑ ላይኛው ክፍል ላይ ትንሽ ነጭ የብርሃን ነጥብ መታየት አለባት። ከሌለች ዐይኑ የሞተ ይመስላል፤ ነጥቧ እስክትታይ ድረስ ወደ ጠርዙ አስጠጉት። ውሻው ሳይመጣ ቦታውን ለመፈተን ጡጫችሁን እሱ በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ ዘርግታችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። በእጃችሁ ላይ ያለው ጥላ ስለታም ጠርዝ ከሌለው ብርሃኑ ለፊትም ይሆናል።

የጥላ ቦታ አንድ ችግር አለው፤ በአካባቢው ያለው ቀለም ሁሉ ጸጉሩ ላይ ያርፋል። አረንጓዴ የተቀባ ቆርቆሮ ወይም ሰማያዊ ሸራ አጠገብ ከተቀመጠ ነጭ ደረቱ ያንን ቀለም ይይዛል። ነጭ አንሶላ ከፊት ለፊቱ መሬት ላይ ማንጠፍ ከአገጩ በታች ያለውን ጨለማ ያቀልላል፣ የቀለሙንም ተጽዕኖ ይቀንሳል። በክረምት ዝናቡ ጋብ ብሎ ደመናው ሲቆይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጥሩ ብርሃን ስለምታገኙ ያንን ጊዜ አታሳልፉት።

ፍላሽ አጥፉ። ከውሻ ሬቲና ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለ ዐይኑ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ ይንቦገቦጋል።

ጀማሪን በጣም የሚያስቸግረው ጥቁር ውሻ ነው፤ ምክንያቱን መረዳት ግን ሥራውን ግማሽ ያደርሰዋል። ካሜራ የሚያየውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ጥቁር ላብራዶር ፍሬሙን ሲሞላው “ጨልሟል” ብሎ ያበራዋል፤ ጸጉሩ አመድማ ይሆናል፣ ከኋላ ያለው ቅጠልም ይነጣል። ስለዚህ የኤክስፖዠር ማካካሻውን (ፎቶውን ከካሜራው ግምት በላይ የሚያበራውን ወይም የሚያጨልመውን ማስተካከያ) ወደ −0.7 ወይም −1 አውርዱ። ውሻው ትንሽ ሆኖ ከጀርባው ብሩህ ሰማይ ሲኖር ግን ተቃራኒው ይደርሳል፤ ካሜራው ለሰማዩ ብሎ ሲያጨልም ውሻው ቅርጽ የሌለው ጥቁር ነገር ሆኖ ይቀራል። ያኔ ወደ +1 መጨመር፣ ከሁሉ የተሻለው ግን ጀርባውን መቀየር ነው። ለጥቁር ውሻ ጥላ ውስጥ ያለ ጥቅጥቅ አረንጓዴ ተክል ይስማማል። ብርሃኑ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን በኩል በ45 ዲግሪ ገደማ ሲመጣ እያንዳንዱ ጸጉር ጫፉ ላይ ትንሽ ያበራል፤ የጉንጩና የአፉ ቅርጽ የሚለየው በዚያ ነው። ከማንሳታችሁ በፊት ጸጉሩን በብሩሽ ጥረጉት፣ ዓይናሩንም በእርጥብ ጨርቅ አጽዱ፤ በጥቁር ፊት ላይ አቧራና ዓይናር ከሚጠበቀው በላይ ይጎላሉ።

ነጭ ውሻ ሲሆን ወደ +0.7 ጨምሩ፤ አለዚያ የቆሸሸ ይመስላል። ግን ጸጉሩ ጨርሶ ነጥቶ ዝርዝሩ እንዳይጠፋ ፎቶውን በስክሪኑ ላይ ፈትሹ። ካሜራው ራው የሚባለውን፣ ያልተጨመቀና በኋላ ለማስተካከል የሚመች ፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ በራው አንሱ። ቀይ ዳማ የሆነው የሀበሻ ውሻ ለጀማሪ ከሁለቱም ይቀላል፤ ቀለሙ ካሜራው ከሚገምተው መካከለኛ ብርሃን ብዙ ስለማይርቅ ማካካሻ እምብዛም አይፈልግም። የሚያምረው የውጭ ዘር ብቻ ነው ብሎ የራስን ውሻ መተው ትክክል አይደለም፤ የቆመ ጆሮና አጭር ጸጉር ያለው ውሻ ፊቱ በግልጽ ይነበባል።

እንደ ካኖን 2000ዲ ባለ ካሜራ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥማችሁ ከ1 ሜትር ርቀት ስታነሱ፣ በኤፍ 1.8 (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 3 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በኤፍ 4 ወደ 6፣ በኤፍ 5.6 ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። የትልቅ ውሻ ፊት ከዐይን እስከ አፍንጫ ከ10 ሳንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። በኤፍ 1.8 አንድ ዐይን ብቻ ጠርቶ ሌላው ሁሉ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ከኤፍ 4 ጀምሩ፤ ጀርባው ራቅ ካለ በዚህም በደንብ ይደበዝዛል። የካሜራውን መደወያ ኤቪ ላይ አድርጉ፤ ኤፉን እናንተ ስትመርጡ ፍጥነቱን ካሜራው ይመርጣል፤ በሶኒና በኒኮን ይኸው ቦታ ኤ ተብሎ ተጽፏል። አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን) 400 ላይ ሆናችሁ የሹተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን የሰከንድ ክፍልፋይ፣ ተመልከቱ። ለተቀመጠ ውሻ ቢያንስ 1/250፣ ለሚያለከልክ 1/500፣ ለሚሮጥ ከ1/1000 በላይ ያስፈልጋል። ካልደረሰ አይኤስኦውን ወደ 800፣ ከዚያም ወደ 1600 አሳድጉ። በእንቅስቃሴ የደበዘዘ ፎቶ ከመጣል በቀር መላ የለውም፤ አይኤስኦው ከፍ ብሎ ትንሽ ነጠብጣብ የታየበት ፎቶ ግን ይታያል፣ ይታተማልም።

ፎከሱን ካሜራው ራሱ እንዲመርጥ አትተዉት፤ ብዙ ጊዜ ወደሚቀርበው ነገር፣ ማለትም ወደ አፍንጫው ይሄዳል። አንድ ነጥብ ብቻ ምረጡና ለእናንተ በሚቀርበው ዐይን ላይ አሳርፉት። አዳዲሶቹ ካሜራዎች የእንስሳ ዐይን ተከታትለው ይይዛሉ፤ ሆኖም ብዙዎቹ ከመነሻው በሰው ዐይን ላይ ስለሚሆኑ ሜኑ ገብታችሁ ወደ እንስሳ መቀየር ሊኖርባችሁ ይችላል።

በስልክ የምታነሱ ከሆነ መጀመሪያ ሌንሱን ጥረጉ። በዋናው ሌንስ ተጠግታችሁ አታንሱ፤ አፍንጫው ይገዝፍና ጆሮው ያንሳል። ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ራቁና ስልኩ ካለው 2 ወይም 3 እጥፍ የሚያቀርበውን ሌንስ ተጠቀሙ። ዐይኑ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ስትቆዩ ፎከሱ ይቆለፋል፤ ብርሃኑንም በጣታችሁ ወደ ታች ጎትታችሁ ትንሽ ቀንሱ። ጀርባውን የሚያደበዝዘው ፖርትሬት የሚባለው አማራጭ ጺሙንና የጆሮውን ጠርዝ ጸጉር ቆርጦ ስለሚያደበዝዝ ረጅም ጸጉር ላለው ውሻ አይመከርም።

ውሻውን በተመለከተ፣ ፊት ለፊት ማፍጠጥ በውሻ ዘንድ ዛቻ ነው፤ ትልቅ ሌንስ ደግሞ የሚያፈጥ ዐይን ይመስለዋል። ፊቱን ቢያዞር እንቢተኛ ሆኖ አይደለም። ካሜራውን መሬት ላይ አስቀምጡለትና ያሽትተው፤ ሳታነሱበት ጥቂት ጊዜ የሹተሩን ድምፅ አሰሙት፣ በየድምፁም ቁራጭ ሥጋ ስጡት። ቁራጩ የተቀቀለ ጉበት ወይም ሥጋ ሆኖ ከሽምብራ ፍሬ አይብለጥ፤ ትልቅ ከሆነ ሲያላምጥ ጊዜ ይሄዳል፣ ለሃጩም ይዝረበረባል። ቸኮሌት፣ ወይንና ሽንኩርት የገባበት ምግብ ውሻን ስለሚመርዝ አትስጡ። ሥጋውን ከሌንሱ አጠገብ ያዙት፤ ከፍ ካደረጋችሁት አንጋጦ የአፍንጫው ቀዳዳ ብቻ ይታያል።

ድምፅ ደግሞ ቆጥባችሁ ተጠቀሙ። ፌስታል ስታንኮሻኩሹ ወይም እንግዳ ድምፅ ስታወጡ መጀመሪያ ላይ ጆሮው ይቆማል፣ አንገቱንም ዘንበል ያደርጋል፤ ሦስተኛው ላይ ግን ዞሮም አያይም። ስለዚህ ፎከሱ ዐይኑ ላይ ከተያዘ፣ ካሜራውም ተከታታይ ፎቶ እንዲያነሳ ከተዘጋጀ በኋላ ብቻ ድምፁን አሰሙ።

ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ ከሆነ ባለቤቱ መጀመሪያ 20 ደቂቃ ያህል ያንሸራሽረው። በሰንሰለት እንደታሰረ ከተነሳ ይጎትታል፤ የአንገቱ ቆዳ ይሸበሸባል፣ ዐይኑም ይፈጥጣል። በቀጭን ገመድ አድርጉትና አንድ ሰው ከጎን ቆሞ ገመዱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ይያዝ። በጸጉሩ ላይ ያላለፈ ገመድ ስናፕሲድ ወይም ላይትሩም በሚባሉት የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች በቀላሉ ይጠፋል። የማታውቁትን ውሻ፣ ባለቤቱ አጠገቡ ቢኖርም፣ ፊቱ ላይ አትንበርከኩ፤ ከሩቅ በዙም አንሱ።

ደጋግሞ ካዛጋ፣ ሳይበላ ከንፈሩን ከላሰ፣ የዐይኑ ነጭ ክፍል በጎን ከታየ ወይም ጭራውን ካጠፈ ተጨንቋል ማለት ነውና አቁሙ። 10 ደቂቃ ሠርቶ ማረፍ 1 ሰዓት ከማስጨነቅ የተሻለ ፎቶ ይሰጣል። ደክሞት ካለከለከ አፉን እስኪዘጋ ውሃ ሰጥታችሁ ጠብቁ።

ከተነሱት ፎቶዎች ስትመርጡ መጀመሪያ የውሻውን ሁኔታ አትዩ። እያንዳንዱን እስከ 100 በመቶ አጉልታችሁ ቅርቡን ዐይን ፈትሹ፤ ያልጠራውን ሁሉ አጥፉ፤ ከቀሩት ውስጥ ጆሮውና አፉ ያማረውን ለዩ። ስትቆርጡ በሚያይበት አቅጣጫ ክፍት ቦታ ተዉለት፤ እግሩንም መገጣጠሚያው ላይ አትቁረጡ። ዐይኑን ትንሽ ማብራት ይበቃል። ጥራት ጨማሪ የሚባለውን መስመር ብዙ ከገፋችሁት ጸጉሩ ሽቦ ይመስላል።