እንደ አዲስ ለሚደራጅ ድርጅት ራዕይ እንዴት ይጻፋል?

ድርጅት እንደ አዲስ ሲደራጅ ሠራተኛው በልቡ የሚጠይቀው «የእኔ ክፍል ይቀጥላል ወይስ ይዘጋል?» ብሎ ነው። «በአፍሪካ ተመራጭና ተወዳዳሪ ሆኖ መገኘት» የሚለው የተለመደ ራዕይ ለዚህ መልስ የለውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚጻፍ ራዕይ የሚቀጥለውንም የሚዘጋውንም ማሳወቅ አለበት።

ከመጻፍ በፊት ሦስት ሰነዶች ይቅረቡ፤ በየምርቱ የተለየ የ3 ዓመት ትርፍና ኪሳራ፣ የባንክ ብድር መክፈያ ሰሌዳ፣ የሚሸጡ ወይም የሚዘጉ ክፍሎች ዝርዝር። ሦስተኛው ካልተወሰነ ራዕዩን አትጻፉ። ቀድሞ ከተጻፈ እያንዳንዱ ኃላፊ ክፍሉን ለማዳን ይጠቅሰዋል፤ መዘጋት የነበረበት ሁሉ «ራዕያችን ላይ አለ» እየተባለ ይከርማል።

ለስብሰባው ከ5 እስከ 7 ሰው ይበቃል፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የሒሳብ፣ የምርትና የሽያጭ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ማሽን ላይና መጋዘን ውስጥ የሚውሉ ሁለት ሠራተኞች። እያንዳንዱ በቅድሚያ ለብቻው ይጻፍ፤ ከ5 ዓመት በኋላ ደንበኛችን ማን ነው? ምን እንሸጥለታለን? የት? ምን ትተናል? ወረቀቱ ሳይሰበሰብ ሥራ አስኪያጁ አይናገሩ፤ እሳቸው ከተናገሩ ሌላው የእሳቸውን ሐሳብ ይደግማል። ረቂቁን የሚጽፈው ግን አንድ ሰው ይሁን። በጋራ ሲጻፍ አንዱ «ዘመናዊ»፣ ሌላው «ቀልጣፋ» እያለ ይጨምርበትና ዋናው ነገር ይጠፋል።

ለምሳሌ አዳማ ውስጥ ዱቄት፣ ፓስታና ብስኩት የሚያመርት ፋብሪካ አለ እንበል። የድሮ ራዕዩ «ጥራት ያላቸውን የምግብ ምርቶች በማቅረብ በምሥራቅ አፍሪካ ቀዳሚ መሆን» ነው። አሁን የብስኩትና የፓስታ ማሽኖቹን ሸጦ ወፍጮውን ብቻ ይዞ ሊቀጥል ወስኗል። አዲሱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በ2023 ዓ.ም. የአዳማና የአካባቢዋ ዳቦ ቤቶች ጥራቱ የማይለዋወጥ ዱቄት በቀጠሮው ቀን የሚያገኙበት ፋብሪካ ሆነን መገኘት።» ደንበኛው፣ ቦታውና ጊዜው ተለይቷል፤ ብስኩት የለም። የትርፍ መጠንና የኩንታል ብዛት ዕቅዱ ውስጥ ይግቡ እንጂ እዚህ አይጨመሩ፤ የስንዴ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ራዕዩ ይፈርሳል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራዕይ 2025ን በ2010 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ የ15 ዓመት ጊዜ ይዞ ነበር፤ አውሮፕላን ታዝዞ እስኪደርስ ዓመታት ስለሚፈጅ ይህ ለሥራው ይገባዋል። ዕዳ እየከፈለ ለሚደራጅ ድርጅት ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይበቃል።

በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት በፍርድ ቤት በኩል መልሶ ማደራጀት ውስጥ የገባ ድርጅት ራዕዩን ለአበዳሪዎች ካቀረበው ዕቅድ ጋር ያስተያይ። ዕቅዱ «የጭነት መኪኖቹ ይሸጣሉ» እያለ ራዕዩ «በመላ አገሪቱ እናከፋፍላለን» ካለ አበዳሪው ሁለቱንም አያምንም።

ረቂቁ ሲያልቅ በራሳችሁ ስም ምትክ የተፎካካሪያችሁን ስም አስገቡ፤ እኩል ከሄደለት እንደገና ይጻፍ። ቀጥሎ ለመጋዘን ሠራተኛው አንዴ አንብባችሁ በማግሥቱ ምን እንዳስታወሰ ጠይቁት። በመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ ያለ አንድ የግዢ ጥያቄ ውሰዱ። ራዕዩን አንብባችሁ «ይገዛ» ወይም «አይገዛ» ማለት ካልቻላችሁ አላለቀም።

ከመለጠፉ በፊት ክፍላቸው የሚዘጋባቸው ሠራተኞች ከኃላፊያቸው አፍ በቀጥታ ይስሙ፤ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብበው መረዳት የለባቸውም።