ችግርና መፍትሄ፦ በቤት ወርክሾፕ የተበየደ ሥራ ሲበላሽ መንስኤውን ከየት መፈለግ እንደሚገባ

በትርፍ ጊዜው ብየዳ የሚለማመድ ሰው ሥራው ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚወቅሰው እጁን ነው፤ ከእጁ ቀጥሎ ማሽኑን። ሁለቱም ጥፋተኛ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ በኤሌክትሮድ ብየዳ ላይ ከሚታዩት ብልሽቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት አርኩ፣ ማለትም በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል የሚነደው የኤሌክትሪክ ነበልባል፣ ከመለኮሱ በፊት ነው፤ ይኸውም ካልጸዳ ብረት፣ ከላላ የመሬት መቆንጠጫ (የማሽኑን ሁለተኛ ገመድ ከሚበየደው ብረት ጋር የሚያገናኘው)፣ እርጥበት ከጠጣ ኤሌክትሮድ ወይም በሚገባ ካልተገጣጠመ ቁራጭ ነው። ስለዚህ የአምፔር ማዞሪያው ከመነካቱ በፊት እነዚህ አራቱ በተራ ይፈተሹ፤ ከዚያ በኋላ በቁርጥራጭ ብረት ላይ እየሞከሩ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ይገባል። ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው ሥራው ቢቃናለት እንኳ የትኛው እንዳቃናለት አያውቅም፤ ችግሩ በተመለሰ ቁጥርም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ከዚህ በታች የተጻፈው የሚመለከተው አነስተኛ የብየዳ ማሽንን፣ 2.5 እና 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮዶችን፣ እንዲሁም በተለምዶ ለጠረጴዛ፣ ለመደርደሪያና ለበር የሚውሉትን ቱቦላሬ፣ አንጎላሬና ላሜራ ነው።

ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፣ አርኩም ይቆራረጣል

በቅድሚያ የሚታየው የመሬት መቆንጠጫው ነው። ቀለም፣ ዝገት ወይም የብየዳ ቅርፊት (ከኤሌክትሮዱ ሽፋን ቀልጦ በብየዳው ላይ የሚደርቀው) ባለበት ቦታ ላይ የተነከሰ መቆንጠጫ ኤሌክትሪኩን በሚገባ አያስተላልፍም፤ ጥቂት ከተበየደ በኋላ ማሽኑ ጠፍቶ ሲዳሰስ መቆንጠጫው ከገመዱ ይልቅ ሞቆ ከተገኘ መንስኤው እርሱ መሆኑ አያጠራጥርም። የሚነከስበት ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በግራይንደር ይጽዳ፤ የመቆንጠጫው ጥርስም በሞረድ ይሳል። ከዚህ ቀጥሎ የማራዘሚያው ገመድ ይፈተሽ፤ ቀጭንና ረዥም ገመድ ቮልቴጁን ስለሚጥል፣ በማሽኑ ላይ የሚነበበው አምፔር ትክክል መስሎ እየታየ ወደ ኤሌክትሮዱ የሚደርሰው ኃይል ግን ያነሰ ይሆናል። እንደተጠቀለለ የሚሠራበት ማራዘሚያ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ሽፋኑ እስከ መቅለጥ ሊደርስ ይችላል፤ ከመሥራት በፊት ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት።

እነዚህ ደህና ከሆኑ ወደ አምፔሩ መሄድ ይቻላል። ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር የኤሌክትሮድ ውፍረት ከ30 እስከ 40 አምፔር ማስላት ለጀማሪ የሚበቃ መነሻ ነው፤ በዚህ ስሌት 2.5 ሚሊ ሜትሩ ከ75 እስከ 100፣ 3.2 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ከ95 እስከ 130 አምፔር ገደማ ይፈልጋል። በእሽጉ ላይ የታተመው ቁጥር ከዚህ ከተለየ እሽጉን ማመን ይሻላል። ቀደም ብሎ የተጀመረ ኤሌክትሮድ አልለኮስ ካለ ግን ችግሩ የአምፔር ላይሆን ይችላል፤ ጫፉ ላይ የደረቀው ብርጭቆ መሰል ቅርፊት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በሲሚንቶ ወለል ላይ ፋቅ ፋቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል። የተጣበቀ ኤሌክትሮድ ወደ ጎን ተጠምዝዞ ይላቀቃል፤ እምቢ ካለ ከመያዣው ይለቀቅ። መከለያውን ከፊት አንስቶ መጎተት ግን ሲላቀቅ በሚፈጠረው ብልጭታ ዓይንን ያስጎዳል።

የብየዳው መስመር ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል

ቅርፊቱ ሲነሳ መስመሩ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቶ ከተገኘ፣ ብረቱ ቀልጦ ሳለ ጋዝ ገብቶበት መውጣት ሳይችል ረግቷል ማለት ነው። ጋዙ የሚመጣው ከእርጥበት፣ ከዘይት፣ ከቀለም፣ ከዝገት ወይም ከዚንክ ሽፋን ነው፤ አርኩ ከመጠን በላይ ሲረዝም ደግሞ ከአየሩ ራሱ ይገባል። መፍትሄው ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ያህል እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ መፋቅ፣ አርኩንም ከኤሌክትሮዱ ሽቦ ውፍረት ባልበለጠ ርቀት መያዝ ነው። የቱቦላሬን የውስጥ ግድግዳ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ፋብሪካው የቀባው ዘይት ግን እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል።

እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ሲነድ ይንጣጣል፣ ከተለመደው በላይም ይጨሳል። 6013 የተባለው ዓይነት በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። 7018 ግን በባሕርዩ ዝቅተኛ ሃይድሮጅን እንዲኖረው የተሠራ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ እርጥበት ከጠጣ ከ260 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ይህን የሚያህል ምድጃ የሌለው ሰው እሽጉን በከፈተበት ቀን ቢጨርሰው ይመረጣል። ምግብ የሚበስልበት ምድጃ ለዚህ ሥራ መዋል የለበትም።

በዚህ ቦታ ስለ ጤና መናገር ግድ ይላል። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሲፈላ ብረት ግን የሚቀልጠው 1500 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ በጋልቫናይዝድ፣ ማለትም በዚንክ በተለበጠ ብረት ላይ ሲበየድ ሽፋኑ ነጭ ጭስ ሆኖ ይተናል፤ ያን ጭስ የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ እያለው ትኩሳት ይይዘዋል። ሽፋኑን አስቀድሞ መፋቅና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መሥራት ቀዳዳውንም ሕመሙንም ይከላከላል። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ የፈሳሹ ቅሪት በአርኩ ሙቀትና ጨረር ፎስጂን ወደተባለው መርዛማ ጋዝ ስለሚለወጥ፣ እንዲህ ያለ ማጽጃ ወደ ብየዳ ቦታ ፈጽሞ መቅረብ የለበትም።

መስመሩ ያምራል፣ ነገር ግን በመዶሻ ሲመታ ይለቃል

ከሁሉም ብልሽቶች አደገኛው ይህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ዓይን አያየውም። ቀዳዳ ያለበት ብየዳ ያስታውቃል፤ ከላይ ተቆልሎ የረጋ፣ ሥሩ ግን ያልያዘ ብየዳ ደግሞ ተፈግፍጎና ተቀብቶ ሰው ይቀመጥበታል። ምልክቶቹ ለሚያውቃቸው አሉ፦ መስመሩ ጠባብና ጎባጣ ይሆናል፣ ጠርዙ ከብረቱ ጋር በለሰለሰ ሁኔታ ከመዋሃድ ይልቅ በላዩ እንደተጋደመ ገመድ ሆኖ ይታያል፣ ከበስተጀርባም የሙቀቱ ቀለም ደብዛዛ ነው።

መንስኤው አምፔር ማነስ፣ እጅ መቸኮል ወይም አርኩን በመጋጠሚያው ሥር ሳይሆን ከሁለቱ ብረቶች በአንዱ ላይ ማሳረፍ ሊሆን ይችላል። ውፍረታቸው የሚለያይ ብረቶች ሲገናኙ ሙቀቱ ወደ ወፍራሙ ማዘንበል አለበት፤ ቀጭኑ የሚበቃውን ከዚያ ያገኛል። ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ የሆኑ ብረቶች ጫፍ ለጫፍ ሲበየዱ ደግሞ ጠርዛቸው በግራይንደር ሰያፍ ተቆርጦ በመካከላቸው ቦይ ካልተከፈተ፣ የተለመዱት ትናንሽ ኤሌክትሮዶች ከአንድ ወገን ብቻ ሥሩ ድረስ ይገባሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም። ሁለትና ሦስት ጊዜ በሚደረብ ብየዳ ላይም በየመካከሉ ቅርፊቱ ተቀጥቅጦ በሽቦ ብሩሽ ካልጸዳ ታች ተቀብሮ ይቀራል፤ ውጤቱም ያው ድክመት ነው።

ይህን የሚገልጥ ርካሽ ፈተና አለ። ከሥራው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ብረት ሁለት ቁራጮች አንዱ በሌላው ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ ከአንድ ወገን ብቻ ይበየዱ፤ ከቀዘቀዙ በኋላ በሞርሳ ተይዞ የቆመው ቁራጭ ወደተበየደው ወገን በመዶሻ ይጣል። ብየዳው ብረቱን ቦጭቆ ከተነሳ ወይም ሳይሰበር ከታጠፈ መልካም ነው፤ ሥሩ ላይ የመጀመሪያው የመቁረጫ ጠርዝ ሳይቀልጥ ቀጥ ብሎ ከታየ ግን አልያዘም። በአዲስ እሽግ፣ በአዲስ ውፍረት ወይም በአዲስ ማሽን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይህን ማድረግ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ቀጭን ቱቦላሬ ይበሳል

ግድግዳው 1.5 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦላሬ ላይ 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይዞ መታገል ድካም ብቻ ነው። ወደ 2.0 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር መውረድ፣ መስመሩንም አንድ ወጥ ከማድረግ ይልቅ በአጫጭር ቁርጥ እየበየዱ በየመካከሉ ማቀዝቀዝ ይገባል። ማሽኑ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ) ከሆነና ኤሌክትሮዱ የሚፈቅድ ከሆነ መያዣውን ወደ ኔጋቲቩ ማዞር የመብሳት ጠባዩን ይቀንሰዋል፤ 6013 ይህን ይፈቅዳል። ከበስተጀርባ የሚደገፍ የመዳብ ቁራጭም ሙቀቱን ይስባል፣ ብየዳውም በቀላሉ አይጣበቅበትም። በጣም የሚያበሳው ግን ክፍተት ነው፤ በእጅ መጋዝ ተጣሞ የተቆረጠ ጫፍ ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት ከተወ ችግሩ የብየዳ ሳይሆን የአቆራረጥ ስለሆነ፣ ሞረድ አንስቶ ማስተካከል ክፍተቱን በብየዳ ለመሙላት ከመታገል ይፈጥናል።

ሲጀመር ስኳድራ የነበረው ፍሬም ሲጨረስ ይጣመማል

አንድ ሜትር ብረት በ100 ዲግሪ ሲሞቅ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በብየዳ ጊዜ ግን የሚሞቀው ጠባብ ቦታ ብቻ ነው፤ በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት እንዲረዝም ስለማይፈቅድለት በቦታው ተጨምቆ ይወፍራል፣ ሲቀዘቅዝም ከመጀመሪያው አጥሮ ሁለቱን ብረቶች ወደ ራሱ ይስባቸዋል። ስለዚህ ሥራው የሚያጋድለው ሁልጊዜ ብየዳው ወዳለበት ወገን ነው። ይህን የተረዳ ሰው ጠማማነቱን ከመከሰቱ በፊት ማስላት ይችላል።

ፍሬሙ በተስተካከለ ቦታ ላይ ይዘርጋ፤ ከጥግ ወደ ጥግ የሚለኩት ሁለቱ ሰያፍ ርቀቶች እኩል ይሁኑ፤ አራቱም ማዕዘኖች በትናንሽ ነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዙ። ከዚያ ሰያፉ እንደገና ይለካ። ጀማሪ የሚዘለው ይህን ሁለተኛ ልኬት ነው፤ በነጥብ የተያዘ ማዕዘን በመዶሻ ሊመለስ ሲችል ሙሉ በሙሉ የተበየደው ግን አይመለስም። ብየዳው ሲቀጥል አንድ ማዕዘን ከተሠራ በኋላ ወደ ፊት ለፊቱ መሻገር፣ በአንድ ማዕዘንም ላይ ከአንዱ ገጽ ወደ ተቃራኒው መገልበጥ የአንዱ መሳብ በሌላው እንዲካካስ ያደርጋል። ፍሬሙን ከቦታው እንዳይነቃነቅ የያዙት መቆንጠጫዎች ብረቱ በእጅ የሚዳሰስ እስኪሆን ድረስ አይፈቱ። ነጥቡን ለመያዝ የሚያገለግለው ማግኔት ግን ከነጥቡ በኋላ ወዲያውኑ መነሳት አለበት፤ በዲሲ ማሽን ሲበየድ አርኩን ወደ ጎን እየገፋ መስመሩን ያበላሻል። ማግኔት በሌለበትም አርኩ በማዕዘን አካባቢ እንዲህ ከሸሸ የመሬት መቆንጠጫውን ወደ ሌላ ጫፍ ማዛወርና አርኩን ማሳጠር ይረዳል።

ከሚያስፈልገው በላይ መበየድም ራሱን የቻለ መንስኤ ነው። ግድግዳው ሁለት ሚሊ ሜትር ለሆነ ቱቦላሬ እንደ አውራ ጣት የወፈረ መስመር ጥንካሬ አይጨምርለትም፤ የሚጨምረው መሳሳብ ነው። አንድ ነጠላ ብየዳ ብቻ ያለው እግር ወይም ማጠፊያ ከሆነ፣ ከመበየዱ በፊት ወደ ተቃራኒው ወገን አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ አዘንብሎ መያዝ ሲቀዘቅዝ ወደ ቦታው እንዲመጣ ያደርገዋል፤ ትክክለኛው መጠን ግን በቁርጥራጭ ላይ ተሞክሮ የሚገኝ ነው። የተጣመመውን ለመመለስ ከሆነ የጎበጠውን፣ ማለትም የረዘመውን ወገን በትንሽ ቦታ ላይ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን አሙቆ እንዲቀዘቅዝ መተው ያሳጥረዋል። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ በቀጭን ዲስክ ቆርጦ እንደገና መበየድ ይቀላል፣ የሚያሳፍርም ነገር የለውም።

ጠርዙ ይቦረቦራል፣ ወይም መስመሩ ይንጋደዳል

በመስመሩ ዳር የሚታየው ቦይ አምፔር መብዛቱን ወይም አርክ መርዘሙን ይናገራል፤ አምፔሩን በአሥር ያህል መቀነስና በየጠርዙ ለቅጽበት መቆየት ይሞላዋል። የሚንጋደድ መስመር ግን ብዙውን ጊዜ የእጅ ሳይሆን የዓይን ችግር ነው፤ በያጁ የሚሄድበትን አያይም። ለዚህ ሥራ የጥቁረት ቁጥሩ 10 ወይም 11 የሆነ የመከለያ መስታወት ተገቢ ሲሆን፣ የፊቱ መከላከያ መስታወት በጭስና በፍንጣሪ ደብዝዞ ከሆነ መለወጥ፣ ከጎን መብራት ማብራት፣ መስመሩንም በኖራ ድንጋይ ማስመር ይረዳል። የመስታወቱን ቁጥር በማውረድ ለማየት መሞከር አይገባም፤ በአርክ ጨረር የተቃጠለ ዓይን ሕመሙ የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ አሸዋ የገባበት ያህል ሆኖ ነው።

ብየዳው ይሰነጠቃል

በመስመሩ መጨረሻ ላይ ብቻ የምትታይ የኮከብ ቅርጽ ያላት ስንጥቅ፣ ኤሌክትሮዱ በድንገት በመነሳቱ ጎድጓዳው ሳይሞላ ስለቀዘቀዘ የመጣች ናት፤ ከማንሳት በፊት ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ መሙላት ያስቀራታል። ከመስመሩ ጎን በብረቱ ላይ የሚወጣ፣ አንዳንዴም ሥራው ካለቀ በማግስቱ የሚታይ ስንጥቅ ግን ስለ ብረቱ ዓይነት ይናገራል። አሮጌ ባሌስትራን የመሰለ ካርበን የበዛበት ብረት በብየዳው አጠገብ ቶሎ ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፤ ከኤሌክትሮዱ እርጥበት የገባ ሃይድሮጅን ሲጨመርበት በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል። ማንነቱ ያልታወቀ ቁራጭ በግራይንደር ሲነካ ፍንጣሪው ረዥምና ቀጥ ያለ ከሆነ ለስላሳ ብረት ነው፤ እንደ ርችት እየተበታተነ የሚፈነጥቅ ከሆነ ካርበን የበዛበት ነው። እንዲህ ያለው ከመበየዱ በፊት ከ200 ዲግሪ በላይ መሞቅ፣ በደረቀ 7018 መበየድ፣ ከዚያም በደረቅ አመድ ውስጥ ተቀብሮ በዝግታ መቀዝቀዝ ይኖርበታል። ለመደርደሪያ ጌጥ ከሆነ ይህ ድካም ይገባዋል፤ የሰው ክብደት ወይም ተሽከርካሪ ለሚሸከም ነገር ከሆነ ግን እንዲህ ዓይነቱን ብረት በቤት ውስጥ አለመበየድ ነው መፍትሄው።

ማሽኑ በመሀል ይቆማል

ቢጫ መብራት በርቶ ማራገቢያው ብቻ የሚሠራ ከሆነ ማሽኑ አልተበላሸም፤ ሞቆ ራሱን አሳርፏል። በጀርባው ላይ የተጻፈው የሥራ መቶኛ የሚቆጠረው በ10 ደቂቃ ነው፤ 40 በመቶ ያለው ማሽን በተጠቀሰው አምፔር አራት ደቂቃ በይዶ ስድስት ደቂቃ ያርፋል። በዕረፍቱ ጊዜ ማጥፋት ማራገቢያውን ስለሚያቆምበት ቅዝቀዛውን ያዘገያል፤ በርቶ ይቆይ። ከተለመደው ቀድሞ የሚቆም ከሆነ ግን ግራይንደር የረጨው የብረት ብናኝ አየር ማስገቢያውን ደፍኖት ሊሆን ስለሚችል፣ ከሶኬት ተነቅሎ ጥቂት ከቆየ በኋላ በደረቅ አየር ይነፋ፤ ወደ ፊትም ግራይንደሩ ማሽኑ ካለበት ርቆ ይሠራ። የሚዘጋው የማሽኑ መከላከያ ሳይሆን የቤቱ ብሬከር ከሆነ በዚያው መስመር ላይ የተሰኩት ሌሎች ዕቃዎች ይነቀሉ፤ አሁንም ከዘጋ ብሬከሩን በትልቅ መቀየር ሳይሆን የግድግዳው ሽቦ ውፍረት በኤሌክትሪክ ባለሙያ እንዲታይ ማድረግ ያስፈልጋል።