የኢንጀክሽን ሞተር ሚኒሞ፦ ካቻቢቴውን ለጊዜው አስቀምጠው

በካርቡራተር፣ ነዳጅና አየርን ያለ ኮምፒውተር በሚቀላቅለው በድሮው ዕቃ፣ ያደገ ሰው እጁ አያርፍም። ሞተር ሳይክሉ መብራት ላይ ቆሞ ጥፍት ካለበት ወዲያው ካቻቢቴ ፍለጋ ነው። አይፈረድበትም፣ ድሮ ያቺን አንዷን ብሎን ሩብ ዙር ታዞራለህ፣ ድምፁን በጆሮህ ትሰማለህ፣ አለቀ። ኢንጀክሽን ላይ ግን፣ ማለትም ኮምፒውተር ነዳጁን እየለካ በሚረጭበት ሞተር ላይ፣ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳትሰጠው ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ነው። ስለዚህ ብሎን ማዞር እዚህ የመጨረሻው ሥራ ነው።

መጀመሪያ የያዝከው የትኛውን ዓይነት እንደሆነ እወቅ። አንዳንዱ ሞተር ኢንጀክሽን ሆኖም የሚኒሞ ብሎን አለው፤ በእጅ የምትዞር ጉብ ያለች ነገር ትሆናለች፣ ወይም ትሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በር ያለበት ክፍል) ላይ ያለች የአየር ማለፊያ ብሎን። ሌላው ትሮትል ቦዲው ጎን ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ቫልቭ አለው፤ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ሙቀት እያየ በዚያች ቀዳዳ የሚያልፈውን አየር ይጨምራል፣ ይቀንሳል። አዳዲሶቹና ውድ የሚባሉት ደግሞ እጀታውን ከአየሩ በር ጋር የሚያገናኘው የነዳጅ ገመድ ራሱ የላቸውም፤ እጀታውን ስታዞር መልእክት ብቻ ነው የሚሄደው፣ የአየሩን በር የሚከፍተው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓይነት ላይ አንተ የምታስተካክለው ሚኒሞ የለም።

«እኔ ጋ ግን ብሎን አየሁ» ትል ይሆናል። አዎ አለ። የነዳጅ ገመዱ የሚጎትተው ክንድ ሥር፣ ብዙ ጊዜ የቀለም ጠብታ የተደረገባት ብሎን ናት። ያ ቀለም ለጌጥ አይደለም፣ ፋብሪካው «አትንካ» ያለበት ነው። ብሎኗ የአየሩ በር ሲዘጋ የት ላይ እንደሚቆም ትወስናለች። ጠበቅ ካደረግካት በሩ ትንሽ ከፈት ብሎ ይቀራል፣ በሩ ላይ ያለው ሴንሰርም ይህን አይቶ ሰውዬው ነዳጅ እየሰጠ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ከዚያ ኮምፒውተሩ የሚኒሞ ፕሮግራሙን ትቶ በሌላ ስሌት ይሠራል። ሚኒሞው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፣ አንተም መልሰህ ታዞራለህ፣ ፋብሪካው ያስቀመጠበትን ቦታ በዚያው ታጣዋለህ።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ሞኝነት ነው። ሞተሬ የነዳጅ እጀታውን ስለቀው ዙሩ ቶሎ አይወርድም ነበር፣ ተንጠልጥሎ ይቆይና ነው የሚመለሰው። ብሎኗን ሁለት ቀን አሠቃየኋት። በመጨረሻ ትሮትል ቦዲውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ጎማ በጣቴ ጫን ጫን ሳደርግ፣ ከታች በኩል ዓይን የማያየው፣ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ አፏን ከፈተች። ሴንሰሮቹ የማያውቁት አየር በዚያ እየገባ ነበር። ጎማው ሲቀየር ችግሩ ጠፋ፣ ያበላሸኋትን ብሎን ማስተካከል ግን ከጎማው በላይ ጊዜ ፈጀ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት በርቶ ከሆነ መጀመሪያ የብልሽት ኮዱን አስነብብ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይ። ፊልትሮውን እይ፣ ካንዴላውን ፈትተህ እይ፣ ባትሪው ደካማ እንዳይሆን። የነዳጅ ገመዱ ትንሽ ልል መሆን አለበት፤ እጀታው ሥራ ሳይጀምር ከ2 እስከ 6 ሚሊሜትር ያህል በነጻ ቢዞር ለብዙ ሞተር ደህና ነው። ሞተሩ ውስጥ ያሉት ቫልቮላዎች ክፍተት ከጠበበም ሚኒሞ ይረበሻል፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ትሮትል ቦዲውን ከሞተሩ ጋር በሚያገናኙት ጎማዎች አካባቢ አየር ይገባል ብለህ ከጠረጠርክ ሞተሩ እየሠራ የሳሙና ውሃ ርጭት አድርግ፣ ድምፁ ከተቀየረ አገኘኸው ማለት ነው። ተቀጣጣይ ስፕሬይ የጋለ ሞተር ላይ የሚረጩ ሰዎች አይቻለሁ፣ እባክህ አንተ አታድርገው።

በጣም የሚያጋጥመው ግን ቆሻሻ ነው። በአየሩ በር ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ይይዛል፣ የዚያችን የሚኒሞ ቫልቭ ቀዳዳም ያጠባል፣ ሞተሩም መብራት ላይ ይጠፋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ ለትሮትል ቦዲ የተሠራ ማጽጃ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርገህ ጥረግ። በቀጥታ ሴንሰር ላይ አትርጭ፣ በብረትም አትፋቅ። ከጽዳት በኋላ ኮምፒውተሩ አዲሱን ሁኔታ እስኪለምድ ሚኒሞው ለጥቂት ጊዜ ወጣ ገባ ሊል ይችላል፤ ለአንዳንዱ ሞተር ማንዋሉ የራሱን ሪሴት ያዛል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ ሞተርህም በእውነት የሚስተካከል ብሎን ካለው፣ አሁን ካቻቢቴውን አምጣ። ሥራው ደጅ ላይ ይሁን፣ ጭሱ በዝግ ቤት ውስጥ ይገድላል። ሞተሩን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ንዳው፣ አቁመህ ብቻ አታሙቀው። ሲቀዘቅዝ ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ዙሩን ከፍ ስለሚያደርግ በብርድ ያስተካከልከው ሲሞቅ ይወርድና ይጠፋል። በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ)፣ ቀጥ አድርገህ አቁመው። ቁጥሩን ከማንዋልህ ውሰድ፤ ትናንሽ ባለ አንድ ሲሊንደሮች ብዙ ጊዜ በደቂቃ 1,400 ዙር አካባቢ ናቸው፣ ባለ አራቶቹ ዝቅ ይላሉ።

እዚህ ጋ ሰው የሚሳሳተው፦ በእጅ የምትዞረው፣ የበሩን መቆሚያ የምትገፋ የሚኒሞ ብሎን (ቀለም የተደረገባት አይደለችም) ስትጠብቅ ዙር ይጨምራል፣ የአየር ማለፊያ ብሎን ግን የሚጨምረው ስትላላ ነው። ሩብ ዙር አዙር፣ ነዳጅ ሰጥተህ ልቀቅ፣ ዙሩ ተመልሶ እስኪረጋ ጠብቅ፣ ከዚያ ድጋሚ። ባለ ብዙ ሲሊንደር ሆኖ በአንድ በኩል የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ችግሩ የየሲሊንደሩ የአየር በሮች አለመመጣጠን ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ የቫኪዩም መለኪያ ይፈልጋል። በጆሮ አይሆንም።

ቁጥሩን አገኘሁ ብለህ ከፍ አታድርገው። ከፍ ያለ ሚኒሞ አንደኛ ማርሽ ስታስገባ ጓ ያሰኘዋል፣ እጀታውን ስትለቅም ሞተሩ ፍጥነቱን በደንብ አይቀንስልህም። ዝቅ ካለ ደግሞ ይጠፋል፣ ባትሪውም በደንብ አይሞላም።

ከመነሳትህ በፊት ሞተሩ እየሠራ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙር። ዙሩ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከጨመረ የነዳጅ ገመዱ እየተጎተተ ነው፤ ገመዱን ሳታስተካክል እንዳትነዳው፣ ኩርባ ላይ ራሱ ነዳጅ ይሰጥብሃል።