አላያ፦ የሃዋይን ባህላዊ የማዕበል መንሸራተቻ ጣውላ በቤት ውስጥ እንዴት መሥራት ይቻላል?

ሃዋይያውያን «ሄኤ ናሉ» የሚሉት በማዕበል ላይ የመንሸራተት ጥበብ የዛሬዎቹ የፎምና የፋይበርግላስ ሰርፍ ቦርዶች ከመምጣታቸው በፊት ለዘመናት የኖረው በእንጨት ነው። የካፒቴን ኩክ መርከቦች እ.ኤ.አ. በ1779 በኬአላኬኩዋ የባሕር ወሽመጥ መልሕቅ ጥለው ሳሉ፣ ሌተና ጄምስ ኪንግ የአገሬው ሰዎች በጣውላ ላይ ሆነው ከማዕበሉ ጋር ወደ ዳርቻ ሲመጡ ያየውን ተደንቆ ጽፎታል።

ጣውላዎቹ ብዙ ዓይነት ነበሩ። አጭሩ ፓይፖ በሆድ ተኝተው የሚንሸራተቱበት ነው። ረጅሙ ኦሎ የአለቆች መለያ ሲሆን፣ በሆኖሉሉ በሚገኘው የቢሾፕ ሙዚየም የተቀመጡት የአለቃ አብነር ፓኪ ጣውላዎች ርዝመታቸው ወደ 5 ሜትር ይጠጋል፤ ክብደታቸውም ከ60 ኪሎ ግራም ይበልጣል። በሁለቱ መካከል ያለው አላያ ግን ስስ፣ ጠፍጣፋና ለአንድ ሰው ጉልበት የሚመች ስለሆነ በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሚመከረው እሱ ነው። አላያ ከሥሩ ክንፍ የለውም። ዘመናዊው ቦርድ በክንፉ አማካይነት ውኃውን ሲይዝ አላያ ግን የሚይዘው በጠርዙ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሥራው ሁሉ ረጅሙን ጊዜና ከፍተኛውን ጥንቃቄ ለጠርዙ መስጠት ይገባል።

እንጨት መምረጥ

የጥንት ሠሪዎች የሚጠቀሙት በዋናነት ኮአ፣ ኡሉ እና ዊሊዊሊ በሚባሉ ዛፎች ነበር። ኮአ ከእኛ ግራር ጋር የሚዛመድ ዛፍ ሲሆን ዊሊዊሊም የኮርች ዘመድ ነው፤ ኮርችን ቆርጦ የሚያውቅ ሰው የዊሊዊሊ እንጨት ለምን ቀላልና ተንሳፋፊ እንደሆነ ለመረዳት አይቸገርም። እንደሚነገረው ከሆነ ዛፉ ከመቆረጡ በፊት ኩሙ የተባለ ቀይ ዓሣ ከግንዱ ሥር ይቀመጥ ነበር፤ ዛፉ ከወደቀ በኋላም ዓሣው በሥሩ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ከጸሎት ጋር ይቀበር ነበር።

ኮአ በተፈጥሮው የሚበቅለው በሃዋይ ብቻ ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው። በሌላ እንጨት የተሠራ አላያ እውነተኛ አይደለም የሚል ሰው ካለ፣ ሦስቱ የሃዋይ መሳፍንት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1885 በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ክሩዝ ከተማ የተንሸራተቱት እዚያው በተገኘ የሬድውድ እንጨት በተሠሩ ጣውላዎች እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚመረጠው ፓውሎኒያ ነው፤ ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ የባሕር ውኃም በቀላሉ አይጎዳውም። ፓውሎኒያ ካልተገኘ ሬድውድ ወይም ሴዳር ይሆናል። ባሕር ዛፍ ግን ከባድ ከመሆኑም በላይ ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ባይሞከር ይሻላል።

ርዝመታቸው 2 ሜትር ከ10፣ ስፋታቸው 9 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረታቸው 22 ሚሊ ሜትር የሆኑ አምስት ደረቅ ጣውላዎች ያዘጋጁ። ጉጥ የሌለባቸውን፣ የእንጨቱ መስመር ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ይምረጡ፤ ጉጥ ባለበት ቦታ ስስ ጣውላ ይሰበራል። ከዚያም ጣውላዎቹ የክፍሉን አየር እንዲለምዱ በሚሠሩበት ቤት ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል ያቆዩአቸው።

ማጣበቅ

ጣውላዎቹን ጎን ለጎን ደርድረው፣ የግንዱ ቀለበቶች በአንዱ ወደ ላይ፣ በቀጣዩ ወደ ታች እንዲያጎነብሱ ያፈራርቋቸው። ይህ ሲሆን አንዱ ጣውላ ለመጣመም ሲሞክር ጎረቤቱ ይይዘዋል። የሚገናኙት ጎኖች ብርሃን እስከማያሳልፉ ድረስ በመላጊያ ይስተካከሉ። ተራው የአናጢ ነጭ ኮላ ውኃ ስለሚፈታው ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ውኃ የማይበግረው የፖሊዩሬቴን ኮላ ወይም ለጀልባ የሚሆን ኢፖክሲ ያስፈልጋል። ኮላው ከተቀባ በኋላ ቢያንስ በአምስት ሞርሳ ጠብቆ ይታሰራል፤ ሞርሳዎቹ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች እየሆኑ ካልተፈራረቁ ጣውላው ይጎብጣል። ለ24 ሰዓት ሳይነካ ይቀመጥ።

ቅርጹን ማውጣትና መቁረጥ

70 ኪሎ ግራም ገደማ ለሚመዝን ሰው ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሴንቲ ሜትር የሆነ አላያ ጥሩ መነሻ ነው። ከፊት ጫፉ ክብ ይሆናል፤ ሰፊው ቦታ ከፊቱ ጫፍ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ ከዚያ ወደኋላ ቀስ እያለ ይጠብና 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ቀጥ ያለ ጅራት ያበቃል። ሙሉውን ቅርጽ በአንድ ጊዜ መሣል ግራና ቀኙን ያዛባል። ይልቁንስ ግማሹን በካርቶን ላይ ሥለው ይቁረጡ፤ በጣውላው መካከል ቀጥ ያለ መስመር አስምረው ካርቶኑን በአንድ በኩል፣ ከዚያም ገልብጠው በሌላው በኩል በእርሳስ ይከተሉት። በጂግሶ ወይም በእጅ መጋዝ ሲቆርጡ ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ውጭ ይሁኑ፤ የቀረውን መላጊያና ሞረድ ይጨርሱታል።

መላግ

በጥንት ዘመን ይህ ሥራ የሚከናወነው ኮኢ በሚባል የድንጋይ መጥረቢያ ነበር። ዛሬ የእጅ መላጊያ ይበቃል፤ የኤሌክትሪክ መላጊያ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን በ22 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላይ አንድ ስሕተት የሚመለስ አይደለም።

በመጀመሪያ የፊቱ ጫፍ ውኃ ውስጥ እንዳይጠልቅ ከሥሩ በኩል የመጨረሻውን 40 ሴንቲ ሜትር እያሳሱ ይላጉ፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ የተነሣው እንጨት 7 ሚሊ ሜትር ያህል ሊሆን ይገባል። ቀጥሎ የላዩን ገጽ ከመካከል ወደ ዳር በጥቂቱ እንዲያጎነብስ አድርገው ያንሡት፤ መካከሉ 19፣ ዳሩ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። የታችኛው ገጽ በጥንቶቹ ጣውላዎች ላይ ብዙውን ጊዜ በጥቂቱ ያበጠ ነበር፤ አንዳንድ የዘመኑ ሠሪዎች ግን ከኋላ በኩል ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰረጉዱታል። ለመጀመሪያ ሥራ የኋላውን ጠፍጣፋ አድርጎ መተው የተሻለ ይመስለኛል፤ ስርጉዱ በኋላም ሊጨመር ይችላል፣ የተነሣ እንጨት ግን አይመለስም።

አሁን ወደ ጠርዙ እንመጣለን። ከፊት እስከ መካከል ያለው ጠርዝ ከላይም ከታችም ክብ ይሁን፤ እዚያ የተሳለ ማዕዘን ካለ ማዕበሉ ይዞ ይገለብጠዋል። ከመካከል ወደ ጅራት ሲሄዱ ግን ክብነቱ ከላይ ብቻ ይቅር፤ የታችኛው ማዕዘን ቀስ በቀስ እየጠነከረ ሄዶ ጅራቱ ላይ ጥርት ያለ ይሁን። ውኃ በክብ ጠርዝ ዙሪያ ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ከጠንካራ ማዕዘን ግን ተላቅቆ ይሄዳል፤ ክንፍ የሌለው ጣውላ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚያደርገው በማዕበሉ ግድግዳ ውስጥ የሚሰካው ይህ የኋላ ጠርዝ ነው። በየጥቂት ግፊቱ ቆም ብለው ዓይን ጨፍነው ሁለቱን ጠርዞች በአንድ ጊዜ በሁለት እጅ ይዳብሱ፤ ዓይን ያላየውን ልዩነት መዳፍ ያገኘዋል።

ማለስለስና ቅባት

የሃዋይ ሠሪዎች ጣውላውን የሚያለሰልሱት በኮራልና ኦአሂ በሚባል ሻካራ ድንጋይ ነበር። እርስዎ በ60 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምረው በ100ና በ150 ይቀጥሉ፤ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አብሰው ሲደርቅ የቆመውን ጭረት በ220 ያንሡት። አፍንጫና አፍ በጭንብል ይሸፈን።

ለቀለም የቲ ተክል ሥር፣ የኩኩይ ዛፍ ቅርፊት ጭማቂ ወይም የተቃጠለ የኩኩይ ፍሬ ጥቀርሻ ይጠቀሙ ነበር፤ በመጨረሻም የኩኩይ ዘይት ይቀባል። በቤት ውስጥ የተልባ ዘይት ይተካዋል። የመጀመሪያው ቅብ ጠልቆ እንዲገባ በተርፔንታይን ይቅጠን፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በየመካከሉ አንድ ቀን እየቆየ ይቀባ። ውኃ በብዛት የሚገባው በጫፍና በጅራት በኩል ስለሆነ እዚያ እጥፍ ይቀቡ። ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላልና ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

ወደ ውኃ

ያለቀው ጣውላ 14 ሊትር ያህል ይዘት አለው፤ ከፓውሎኒያ ከሆነ 4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። የሚሸከመው ትርፍ ክብደት እንግዲህ ከ10 ኪሎ ግራም ስለማይበልጥ ሰውን ተሸክሞ አይንሳፈፍም፤ ሲቀዝፉ ግማሽ አካልዎ ውኃ ውስጥ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደረት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆመው፣ የተሰበረው ነጭ አረፋ ሲመጣ ከመሬት ተስፈንጥረው በሆድ ይንሸራተቱ። ጣውላው ወደ ጎን እየተሽከረከረ ካስቸገረ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከኋላው ጠርዝ ነው፤ አድርቀው ማዕዘኑን በሞረድ ጥቂት ጥርት ያድርጉትና እንደገና ዘይት ይቀቡት።

ከውኃ ሲወጣ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፣ በጥላ ሥር ይድረቅ፣ ፀሐይ ላይ አይተው። የጥንት ሃዋይያውያን ጣውላቸውን አድርቀው የኮኮናት ዘይት ይቀቡትና በታፓ ጨርቅ ጠቅልለው ቤት ውስጥ ይሰቅሉት ነበር፤ ታፓ ባይኖር ንጹሕ አቡጀዲ ይበቃል።