ስቶክ ካር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነዱ፦ ከመስኮቱ መግቢያ እስከ ኩርባው መውጫ

ስቶክ ካር የቤት መኪና መልክ ያለው የእሽቅድምድም መኪና ነው። የስቶክ ካር ውድድር የሚያዘጋጀው የአሜሪካው ድርጅት ናስካር የሚጠቀምባቸውን ብዙ ሞላላ ሜዳዎች፣ ውድድር በሌለባቸው ቀናት የእሽቅድምድም ትምህርት ቤቶች ይከራዩዋቸዋል። ኮንኮርድ፣ ሰሜን ካሮላይና የሚገኘው ሻርሎት ሞተር ስፒድዌይ፣ እንዲሁም ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው ከተሞች አጠገብ ያሉት የአትላንታና የላስ ቬጋስ ሜዳዎች አንድ ዙራቸው 1.5 ማይል ገደማ (2.4 ኪሎ ሜትር) ነው። መንጃ ፈቃድ ያለውና ማንዋል ማርሽ የሚችል ሰው ከፍሎ ይመዘገባል፣ ገለጻ ይሰማል፣ እሳት የሚቋቋም ቱታ ይለብሳል፣ ከዚያ መሪውን ራሱ ይይዛል። በዚህ ሜዳ ፈጣን የሚሆነው እግሩን ቀስ ብሎ የሚያነሳና ዓይኑን አርቆ የሚጥል ሰው ነው።

ከመሄድዎ በፊት

ትምህርት ቤቶቹ በሁለት መንገድ ያስነዳሉ። በአንደኛው አሰልጣኙ በሌላ መኪና ከፊት ይመራል፣ እርስዎ ይከተላሉ። በሌላው ብቻዎን ይነዳሉ፣ ከማማ ላይ የሚያይዎት ሰው በሄልሜቱ ሬዲዮ ይመራዎታል። ምርጫ ካለ ለጀማሪ የመጀመሪያው ይሻላል፤ መስመሩን በዓይን ማየት በጆሮ ከመስማት ይቀላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ዙሮች ድምፁንና ሙቀቱን በመልመድ ስለሚያልቁ፣ አምስት ዙር ብቻ የሚሰጥ ርካሽ ጥቅል አይግዙ። ስምንትና ከዚያ በላይ ይሁን። ገንዘብ ከተረፈ ከመንዳትዎ በፊት ከአሰልጣኝ ጎን ተቀምጠው ጥቂት ዙር ይሂዱ።

የግል መኪናዎ ኢንሹራንስ በእሽቅድምድም ሜዳ ላይ የሚደርስን ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ትምህርት ቤቱ የጉዳት ዋስትና ሲያቀርብልዎ ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ከኪስዎ የሚወጣው ከፍተኛው ገንዘብ ስንት ነው? በማርሽ ስህተት የፈነዳ ሞተርስ ይካተታል?

ከቱታው ሥር ጥጥ ይልበሱ፤ ናይለንና ፖሊስተር በእሳት ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። ጫማው ሶሉ ቀጭንና ጠባብ ይሁን፤ ሰፊ ጫማ ሁለት ፔዳል አንድ ላይ ይረግጣል። የራስዎን ሄልሜት ከወሰዱ ውስጡ የስኔል (የሄልሜት ደህንነት የሚፈትሽ ድርጅት) ‹ኤስ ኤ› ምልክት ይኑረው። ‹ኤም› የሚለው ለሞተር ሳይክል የተሠራ ስለሆነ በእሳት አልተፈተነም። በሞቃት ወራት የመኪናው ውስጥ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል፤ ውኃ ከዋዜማው ጀምሮ ይጠጡ።

መኪናው ውስጥ

ብዙ ትምህርት ቤቶች አሁንም የሚጠቀሙት አራት ማርሽ ያለውን የቀድሞውን የስቶክ ካር ዓይነት ነው። ከ2022 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ወዲህ በናስካር ከፍተኛው ውድድር ላይ የሚሮጠው መኪና ባለ አምስት ማርሽ ሆኗል፣ አለዋወጡም ይለያል። የሚከፈት በር የለም። ቀኝ እግርዎን በመስኮቱ አስገብተው ጣሪያውን ይያዙ፣ ጠርዙ ላይ ይቀመጡ፣ ከዚያ ወደ ወንበሩ ይንሸራተቱ። መሪው ተነቃይ ነው፤ ከገቡ በኋላ ይገጥሙታል። ሲገጥሙት ‹ቀጭ› ማለቱ አይበቃም፣ በሁለት እጅ ወደ ራስዎ ጎትተው ይፈትሹት።

ወንበሩ ብዙ ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ አይሄድም። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጠው ጉልበትዎ ትንሽ ታጥፎ ካልቀረ፣ ከጀርባዎ የሚደረግ ትራስ ይጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም፤ ፍሪሲዮኑን ሙሉ የማይረግጥ ሰው ካምቢዮውን ይሰብራል። ቀበቶው ከታች ወደ ላይ ነው የሚጠብቀው፦ መጀመሪያ የወገቡ፣ እሱም በሆድ ላይ ሳይሆን በዳሌ አጥንት ላይ፤ ቀጥሎ የትከሻዎቹ። የትከሻ ቀበቶዎቹ በአንገት መከላከያው ክንፎች ላይ ያልፋሉ፤ የመከላከያው ሁለት ማሰሪያዎች ደግሞ ሄልሜቱ ላይ ይገጠማሉ። ናስካር የራስና የአንገት መከላከያን ግዴታ ያደረገው ታዋቂው ተወዳዳሪ ዴል ኧርንሃርት በየካቲት 2001 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በፍሎሪዳው የዴይቶና ሜዳ ከሞተ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነው። ሠራተኛው ሁለቱንም ማሰሪያ መግጠሙን በእጅዎ ዳስሰው ያረጋግጡ።

የፍጥነት መለኪያ አይፈልጉ፣ የለም። ያለው የሞተር ዙር መቁጠሪያ፣ የዘይት ግፊትና የሙቀት ጌጆች ናቸው።

መነሳትና ማርሽ መቀየር

ኢትዮጵያ ውስጥ በማንዋል የተማረ ሰው እዚህ ይጠቀማል፣ ነገር ግን የዚህ መኪና ፍሪሲዮን ከቤት መኪና ይለያል። የሚይዘው በጣም አጭር ርቀት ላይ ነው፣ አንደኛ ማርሹም ረጅም ነው። ስለዚህ ሲነሱ ከለመዱት ትንሽ ጨምረው ነዳጅ ይስጡ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ቢጠፋብዎ አይደንግጡ፤ ፍሪሲዮኑን ረግጠው እንደገና ያስነሱ።

አራተኛ እስኪገባ ድረስ ከፒቱ (መኪኖች ከሚቆሙበትና ከሚነሱበት የሜዳው ጎን) ወጥተው ጠፍጣፋውን የውስጥ መንገድ አይልቀቁ። ለእያንዳንዱ ማርሽ አሰልጣኙ የነገረዎትን የሞተር ዙር ይጠብቁ። እዚህ ላይ አንድ ውድ ስህተት አለ፦ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ሲቀይሩ እጀታውን ወደ ራስዎ ስበው ሁለተኛ ማስገባት። ጎማዎቹ ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያዞሩታል፣ ቫልቮች ከፒስተን ይጋጫሉ፣ የኋላ ጎማዎችም ሊቆለፉ ይችላሉ። መድኃኒቱ እጀታውን በጡጫ አለመጨበጥ ነው። መዳፍዎን ከእርስዎ ወደ ውጭ አዙረው ቀጥ አድርገው ወደኋላ ይሳቡት። አራተኛ ከገባ በኋላ ማርሽ አይነካም፤ ሁለቱም እጆች መሪው ላይ ይሁኑ።

ኩርባው

በቀጥታው መንገድ ላይ መኪናው ወደ ግራ ይጎትታል። ብልሽት አይደለም፤ የቀኝ ጎማዎች ዙሪያ ከግራዎቹ ስለሚበልጥ መኪናው በራሱ ወደ ግራ መታጠፍ ይፈልጋል። መሪውን በጥቂቱ ወደ ቀኝ ይዘው ይሂዱ።

መስመሩ ይህ ነው፦ በቀጥታው መጨረሻ ላይ ከውጭው ግድግዳ ጎን ይሆናሉ፤ ከዚያ ወደ ውስጠኛው ነጭ መስመር ይወርዳሉ፤ መሃሉን ካለፉ በኋላ መሪውን ቀስ በቀስ እየፈቱ መኪናው ራሱ ወደ ግድግዳው እንዲወጣ ይተዉታል። ትምህርት ቤቶች እግር የሚነሳበትን፣ የሚታጠፍበትንና ነዳጅ የሚሰጥበትን ቦታ በኮን ወይም በቀለም ያመለክታሉ። በ40 ሰከንድ ዙሩን የሚጨርስ መኪና አማካይ ፍጥነቱ 217 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ ይህም በሰከንድ 60 ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምልክት ጋ ሲደርሱ ዓይንዎ ሁለተኛው ላይ፣ ሁለተኛው ጋ ሲደርሱ መውጫው ላይ ይሁን። ግድግዳውን ካዩ እጅዎ ወደ ግድግዳው ይሄዳል።

ሻርሎት ላይ ኩርባው 24 ዲግሪ ያጋድላል። በእግር ቆመው ሲያዩት ያስፈራል፣ ሲነዱት ግን ረዳትዎ ነው፤ ክብደቱ ጎማዎቹን ወደ አስፋልቱ ይጫናል። የሚያሳስበው የታችኛው ጠርዝ ነው። የግራ ጎማ ከነጩ መስመር ወርዶ ጠፍጣፋው ላይ ካረፈ፣ መኪናው በድንገት ሚዛኑን ይቀይርና የኋላው ይንሸራተታል።

ጀማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት በእግር ነው። ወደ ኩርባው በፍጥነት ይገቡና መሃል ላይ ፈርተው ነዳጁን በአንዴ ይለቃሉ። ያኔ ክብደቱ ወደፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ፣ መኪናው ይሽከረከራል። ፍርሃትዎን ኩርባው ከመድረሱ በፊት ያስተናግዱት፦ ከምልክቱ ቀደም ብለው እግርዎን በዝግታ ያንሱ፣ መሃል ላይ ጥቂት ነዳጅ ይያዙ፣ መሪው መፈታት ሲጀምር እየጨመሩ ይሂዱ። ከኩርባው በፍጥነት የወጣ መኪና ያንን ፍጥነት የቀጥታውን ርዝመት ሁሉ ይዞት ይሄዳል።

ሌላው ችግር መኪናው አልታጠፍም ብሎ ወደ ግድግዳው ሲገፋ ነው። መሪውን አብዝቶ ማዞር አይረዳም፤ የፊት ጎማዎቹ ይበልጥ ይንሸራተታሉ። ነዳጁን በጥቂቱ ቀንሰው እስኪይዝ ይጠብቁ። ከፊት ከሚመራዎት መኪና ጋር በጣም ሲጠጉም ይኸው ይመጣል፣ ከፊትዎ ያለው መኪና አየሩን ስለሚበጥስብዎ የፊቱ ይቀላል። የተነገረዎትን ርቀት ይጠብቁ። በመጀመሪያው ዙር ጎማው ቀዝቃዛ ስለሆነ ምንም ነገር አይሞክሩ።

ቢሽከረከርብዎ ፍሪሲዮንና ፍሬን ሁለቱንም እስከ ወለሉ ይርገጡ፣ እስኪቆም አይልቀቁ። መሃል ላይ ፍሬኑን ከለቀቁ ጎማዎቹ በድንገት ይይዙና ወደ ግድግዳው ያስወነጭፉዎታል። ከቆመ በኋላ እሳት ከሌለ ከመኪናው አይውረዱ፤ የመስኮቱን መረብ ያውርዱ፣ ደህና መሆንዎን ያዩበታል።

ባንዲራዎቹን በገለጻው ላይ ይጠይቁ። ቢጫ ሲያዩ ቀስ በቀስ ይቀንሱ፣ ቀይ ሲያዩ ትምህርት ቤቱ ባዘዘው መሠረት ይቁሙ፣ ጥቁር ሲያዩ ወደ ፒት ይግቡ። ባለ ጥቁርና ነጭ ዳማው ማብቂያው ነው። ያኔ ወደ ታች ወርደው ነዳጁን ይልቀቁ፣ ፍሪሲዮን ረግጠው ማርሹን ፎሌ ያድርጉ፣ ሠራተኞቹ ወደሚጠቁሙዎት ቦታ ይንከባለሉ። በፒት ውስጥ ሰው በእግሩ ስለሚሄድ ፍጥነትዎን ከገመቱት በላይ ይቀንሱ፤ ከ200 በላይ ከነዱ በኋላ 80 ኪሎ ሜትር የቆሙ ያህል ይመስልዎታል።

ከወረዱ በኋላ የዙር ሰዓትዎን ወረቀት ይጠይቁ። አንዱን ፈጣን ዙር ብቻ አይመልከቱ፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ያስተያዩ። በ1.5 ማይል ሜዳ ላይ 45 ሰከንድ ማለት 193 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፣ 36 ሰከንድ ደግሞ 241። አምስቱ በአንድ ሰከንድ ልዩነት ውስጥ ከሆኑ መስመሩን ይዘውታል፣ ለረጅሙ ፕሮግራም መክፈል ይችላሉ። በሁለት በሦስት ሰከንድ ከተለያዩ ግን ፍጥነት ለመጨመር ጊዜው ገና ነው፤ የትኛው ኩርባ ላይ እግርዎን ዘግይተው እንዳነሱ አሰልጣኙን ይጠይቁት።